እህቴ ያዳነችው ገብስማ

የበደለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። የበደለችኝም በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ሰሞን፣ እኔ ጎንደር ሆስፒታል ባሌን ሳስታምም ነው። ስሟን አልጽፍም። ዳባት ላይ የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ሳያውቃት ቢቀር ምንም አይጎድልበትም። እሷ ይህን ነገር ስታወራ ሁልጊዜ "ለእትዬ ያዳንሁላት ተክል" ብላ ነው የምትጀምረው። እትዬ የምትለኝ እኔን ነው። ሰዎቹም ፈገግ ብለው እጇን ያያሉ። ብዙ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ብዬ ሰማኋት። አሁን አርጅቻለሁ፤ ዝምታዬ ከእሷ በቀር ማንን እንደጠቀመ አላውቅም።

ተክሉ ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ ቢበዛ ከሰው ደረት አያልፍም። ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ነው። መሐሉ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ እንደ መስከረም ቅቤ ቢጫ። ያመጣልኝ ባሌም ስሙን አያውቀውም ነበር። የደባርቅ ጎረቤቶቼ ግን ስም አላጡለትም። ላባዋ ዥጉርጉር የሆነ ዶሮ ገብስማ አይደል የምትባለው? ተክሉንም ገብስማ አሉት፤ በዚያው ቀረ።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መንገዱ በጦርነት ሳይዘጋ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ አሥመራ ይመላለስ ነበር። የሌሎቹ ሾፌሮች ሚስቶች ከአሥመራ ጫማ ይመጣላቸዋል፣ ጃንጥላ ይመጣላቸዋል፣ የአንገት ሐር ይመጣላቸዋል። በተጋባን ዓመት የእኔው ባል ይዞልኝ የመጣው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንጨት ነበር።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልሁት።

"አትክልት ነው። ጣልያን ጥሎት የሄደ አንድ ግቢ አለ፤ አጥሩ ሁሉ ይኸው ነው። ውሃ የሚያጠጣው ሰው የለም፣ ግን ያብለጨልጫል።"

"ለሰው ሚስት ጫማ ይመጣላታል።"

"ጫማማ ያልቃል።" ጆንያውን ፈትቶ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዞረው። "እስኪ እይው፤ አንቺን ቁርጥ አይደለም? ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያኮርፋል።"

እውነትም አኮረፍሁ። ግን ተከልሁት።

ደባርቅ ብርድ ነው። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የሰው ከንፈር ይሰነጥቃል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ጎመኑን አጨልሞ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተከልሁትና ውርጩን ቻለው። ያልቻለው የሰው ምላስ ነበር። ለገበያ የሚወጣ ገበሬ ሁሉ በአጥሬ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ያስገባል።

"እመቤት፣ ይኼ ነገር ዋግ መቶታል።"

"አልመታውም።"

"ኧረ መቶታል! ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የለም እንዴ? ንቀይው፣ ለሰው ገብስ ይተርፋል።"

በእኛ አገር ቢጫ ቅጠል የበሽታ ነው። ስንዴ ዋግ ሲመታው ይበጫል፣ ባቄላ ሥሩን ውሃ ሲያንቀው ይበጫል። ቢጫ ሆኖ ጤነኛ ቅጠል ያየ ገበሬ የለም። ስለዚህ አልፈርድባቸውም። በእነሱ አልፈርድም።

በሦስተኛው ክረምት ይመስለኛል አንድ ነገር አየሁ። ከግንዱ ሥር ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ፣ አንድም ቢጫ የሌለበት ቅርንጫፍ ወጣ። ደስ አለኝ፤ በረታ ብዬ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ያ ቅርንጫፍ ሌሎቹን በቁመትም በውፍረትም ጥሏቸው ሄደ፤ ከሥሩ ያሉት ገብስማዎች ጥላ ውስጥ ገብተው መመንመን ጀመሩ። ያን ጊዜ ገባኝ። አረንጓዴው ጉልበተኛ ነው፤ ካልቆረጡት ቢጫውን ይውጠዋል። በካራ ከሥሩ ገሽልጬ ጣልሁት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲህ የሚወጣውን እየተከታተልሁ እቆርጥ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ለማንም አልተናገርሁም።

ለምን አልተናገርሁም? እህቴ የሰማችውን ሁሉ የራሷ ስለምታደርግ ነው።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እኛ ገና ልጆች ሳለን አረፉ። እናታችን ቆብ ደፍተው መነኮሱ፤ እኛም ልጆቻቸው እንደ አገሩ ሰው እማሆይ እንላቸው ነበር። እማሆይ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ አንዷ እጇ በረከት ያለው፣ ሌላዋ እጇ ደረቅ። ይህን እኔ አይደለሁም የምለው፣ እሳቸው ናቸው። ጎመን ስንዘራ የእህቴ መደብ ጢቅ ብሎ ከበቀለና የእኔ ከሳሳ፣ "የእሷ እጅ ድንጋይም ያበቅላል" ይሉ ነበር። የእኔን መደብ ዶሮ እንደጫረው አይናገሩም። ዶሮ ልናስታቅፍ ስንል እንቁላሉን የምሰበስብ እኔ፣ በብርሃን እያየሁ የምመርጥ እኔ፣ ቅርጫቱን በጭድ የማሰናዳ እኔ ነኝ። ከዶሮዋ ሥር ለማስገባት ግን እህቴ ትጠራለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ጎረቤት ይመጣል።

"የማን እጅ ነው?"

"የትንሿ!"

እኔ ቅርጫቱን እያጠብሁ እሰማለሁ።

ስለዚህ ገብስማው ባሌ የሰጠኝ ከመሆኑ ሌላ ለእኔ ሌላም ትርጉም ነበረው። እህቴ ያልነካችው፣ በእኔ በደረቋ እጅ የጸደቀ ነገር ነበር። እናቴ እንዲያዩት ፈለግሁ። ይህን ብቻ ነው የፈለግሁት። አንድ ጊዜ እዩት፣ አይተውም "እጅሽ ይባረክ" በሉኝ። ድርቁ በጀመረበት ዓመት የጎረቤቴ ጌሾ በቁሙ ሲደርቅ፣ የእኔ ገብስማ አንዲት ቅጠል ሳይጥል ቆመ። ባሌ በመኪናው ከዳባት አምጥቶልኝ እናቴ ግቢዬ ገቡ። ቆመው አዩት። በመቋሚያቸው ጫፍ ቅጠሉን ገልበጥ አደረጉት።

"ታሟል?"

"አልታመመም እማሆይ፤ መልኩ ነው።"

"እንዴት ያለ መልክ ነው?" ትንሽ አሰቡ። "እህትሽ ብትነካው ይድን ነበር።"

ባሌ ሳቁን ለመደበቅ ዞረ። ቆይቶ፣ "ያኮረፈው ግማሽ በዛ ዛሬ" አለኝ።

ባሌን ደረቱን ያመመው በማግስቱ ዓመት ነው። ጎንደር ሆስፒታል መተኛት አለበት ተባለ። የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ነበር፤ ቆልፈሽ ብትሄጂ ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ዕቃችንን በየዘመዱ በተንን። ገብስማውን ከነአፈሩ ነቅዬ፣ ቅርንጫፉን አሳጥሬ፣ በእርዳታ ዘይት ጣሳ ተከልሁት። አውቶቡሱ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ባሌ አጠገቤ በጋቢ ተጠቅልሎ ያስላል። ወደ ጎንደር መንገዱ በዳባት ነው። እህቴ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥታ ነበር። በመስኮት አቀበልኋት። ሌላ የምሰጠው ሰው ቢኖረኝ ለእሷ አልሰጥም ነበር።

"በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ውሃ። ከዚያ ሌላ ምንም እንዳትነኪው" አልኋት።

"ቢጫ ቢጫውንስ?"

"ምንም አልሁሽ!"

"እሺ እትዬ፣ አትቆጪ። ልጅሽን አይደል የሰጠሽኝ።"

"ልጅማ ቢኖረኝ ለአንቺ አልሰጥም።"

ልጅ አልነበረንም። እሷ አንዱን አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ ነበር የመጣችው። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ጣሳውን እንደ ሕፃን ወደ ደረቷ አስጠግታ ስትቆም አየኋት፤ እኔ ሳቅፈው እንደዚያ አያምርብኝም ነበር። አረንጓዴው መቆረጥ እንዳለበት አልነገርኋትም። እስክመለስ ድረስ የሚወጣ ቢኖር እኔው እቆርጠዋለሁ ብዬ ነበር።

ባሌ ከርሞ አረፈ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ከቀብሩ በኋላ እዚያው ጎንደር በዘመዶቹ ቤት እስከ ተዝካሩ ቆየሁ፤ ሕመሙም ሐዘኑም ተደምሮ ከቤቴ ከወጣሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

ጥቁር ለብሼ ዳባት፣ እናቴና እህቴ አብረው ወደሚኖሩበት ቤት ስደርስ ለቅሶው እንደገና ተነሣ። ሰው ሲመጣ ሲሄድ ሰነበተ። እኔ ልቤ ጓሮ ነበር። ሰው ሲሳሳ ወጣሁና ጣሳዬን ፈለግሁ። ጣሳው በረንዳው ሥር አለ፤ ቀይ ሽንኩርት ተተክሎበታል። ገብስማው የለም።

"እሱን ነው የምትፈልጊው?" እህቴ ከኋላዬ መጣች። "ከጣሳው አውጥቼ መሬት አስያዝሁልሽ፤ እንዲተነፍስ። ያውልሽ!"

የምታሳየኝ ከበሩ አጠገብ ያለ ትልቅ ቁጥቋጦ ነው። ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ክትክታ መስሎኝ ነበር። አረንጓዴ ነው። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። ዞርሁት። አጎንብሼ ቅርንጫፉን እየገለጥሁ አየሁ። አንድም ቢጫ የለም።

"ምን አደረግሽው?"

"አዳንሁልሽ እኮ እትዬ! አንቺ እንደሄድሽ ልክ ሊሞት ደርሶ ነበር፤ ቢጫው ባሰበት። እኔም ቢጫ ቢጫውን እየመለመልሁ ጣልሁ። አመድ ነሰነስሁበት። የንስሐ አባታችን ከኪዳነ ምሕረት ጸበል ይዘውልኝ እየመጡ ረጨሁት። እይው አሁን፣ ባልሽን ማዳን ባልችል እንኳ..." ዓይኗ እንባ ሞላ። እንባዋ ሁልጊዜ ቅርቧ ነው።

"አልታመመም ነበር!"

ድምፄን ሰምተው እናቴ ወጡ፤ ከኋላቸው ለቅሶ የመጡት ሴቶች፣ ከእነሱም ኋላ የንስሐ አባታችን።

"ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?"

"ቢጫው መልኩ ነበር እማሆይ። በሽታ አይደለም። ጤነኛውን መልምላ ነው የጣለችው።"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባ በትዕግሥት፣ ሐዘንተኛ እንደሚያናግሩት አድርገው፣ "ልጄ፣ ቢጫ ሆኖ ጤነኛ የሆነ ቅጠል የት አየሽ?" አሉኝ።

"ሐዘን ነው" አለች አንዲት ሴት። "ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል።"

እናቴ በመቋሚያቸው ወደ ቁጥቋጦው እያመለከቱ፣ "እኔ አስቀድሜ ነግሬሽ ነበር" አሉኝ። "እህትሽ ብትነካው ይድናል አላልሁሽም? ያው ዳነ።" ከዚያም ወደ እሷ ዞረው፣ "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አሏት።

እኔ የፈለግሁት ቃል ነው። በእኔ ተክል አጠገብ ቆመው፣ በእኔ ፊት፣ ለእሷ ሰጧት።

ነቅዬ ልውሰደው ስል እናቴ እምቢ አሉ፤ ወደ ሐዘን ቤት የሄደ ተክል አይጸድቅም ብለው። ለነገሩ የት እወስደዋለሁ? ደባርቅ ተመልሼ ሌላ የቀበሌ ክፍል እስኪሰጠኝ ድረስ በሰው ቤት ነበርሁ። ተውሁላት። እሷም ዝናዋን አሰፋችው። አንድ ካድሬ በበሯ ሲያልፍ አገሩ ሁሉ ደርቆ ያ ቁጥቋጦ ለምልሞ አየና፣ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ አስቆማት። ስለ ድርቅ መቋቋም እንድታስረዳ ጠየቃት። ምን ልታስረዳ? ስለ ጸበሉ አነሣች። ካድሬው ጸበሉን ትቶ ለአመዱ አጨበጨበ። ይህን እሷው ናት እየሳቀች የነገረችኝ። እኔም ስቄያለሁ፤ ጥርሴ ብቻ።

በማግስቱ ዓመት ስቅለትን ዳባት እንድውል እናቴ ላኩብኝ። ሄድሁ። በእኛ አገር በስቅለት ቀን ሲሰገድ ውሎ፣ ወደ ማታ ካህናቱ ቆመው እያንዳንዱን ምእመን የበደለውን ይጠይቁታል። ከዚያም ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው ስንት ጊዜ ጨምሮ መስገድ እንዳለበት ያዙታል። ጥብጣቤ ይሉታል። ያን ዓመት ግን ወይራው ሁሉ በድርቁ ለከብት ተመልምሎ አልቆ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍም ቢሆን በቅርብ ያለው ቅርንጫፉ እንጨት ብቻ ነበር። ጠዋት ከቤት ስንወጣ እህቴ ከበሩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ በክንዷ ሙሉ ቅጠል ቆርጣ ተሸክማለች።

"ለምንድን ነው?" አልኋት።

"ለጥብጣቤው። አባ ለመኑኝ። ዘንድሮ በአንቺ ተክል ነው ምእመናን የሚጠበጠቡት፤ በረከቱ ለባልሽም ይደርሳል።"

በአንቺ ተክል አለች። ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ የእኔ ሆነ።

ስሰግድ ዋልሁ። ተራዬ ደረሰና ከአባ ፊት አጎነበስሁ።

"ምን በደልሽ ልጄ?"

"ቂም ይዣለሁ።"

"በባዕድ ነው በዘመድ?"

"በዘመድ።"

"ወዮ! ከዘመድማ ይከፋል" አሉና ጀርባዬን መታ አደረጉኝ። ያ የሚያብለጨልጭ ወፍራም ቅጠል ድምፁ እንደ ወይራ አይደለም፤ ጠፍ ጠፍ ይላል። ባሌ በጆንያ ጠቅልሎ ሊማሊሞን ያወጣው ተክል ነው። በእሱ ተጠበጠብሁ። ስንት ስግደት እንዳዘዙኝ በቅጡ አልሰማሁም።

ቀና ስል አባ ያረጀውን ቅጠል ጥለው ከግድግዳው ሥር ከተቆለለው ሌላ ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ቁልሉ ተናደ። ከሥሩ፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ አንድ ቅርንጫፍ ወጣ፤ መሐሉ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ። ከግንዱ ሥር በጥላ ውስጥ፣ የእህቴ እጅ ሳያገኘው ቀርቶ የበቀለ መሆን አለበት። ያን ጠዋት በግርግር ከሌላው ጋር ቆርጣዋለች። እንደሚሰግድ ሰው ወደቅሁ። ስነሣ ነጠላዬ ውስጥ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ሰርቄ አላውቅም። ይህም ስርቆት አይደለም፤ የራሴን ነው የወሰድሁት።

እስከ ፋሲካ ማግስት እናቴ ቤት በሲኒ ውሃ ውስጥ አድርጌ ከሣጥኔ ጀርባ ደበቅሁት። እህቴ አንድ ጊዜ ሲኒ ጎደለ ብላ ቤቱን አተራመሰችው፤ አላገኘችም። ስመለስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝሁት። ደባርቅ መግቢያ ኬላው ላይ ወታደር አስወረደንና ፈተሸን።

"ይኼ ምንድን ነው፣ እናቴ?"

"የስቅለት ቅጠል ነው። የተጠበጠብሁበት።"

ልጁ ወደ አለቃው ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፈጥኖ ተሳለመውና መለሰልኝ። "እለፊ" አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትስ እንዳመጡት እንጃ። ያን ዓመት ያንን ቅርንጫፍ እኔ እንዳየሁት ያየ እሱ ብቻ ነው።

በአዲሱ ክፍሌ ጓሮ፣ አሸዋ የተቀላቀለ አፈር በሞላሁበት ሌላ ጣሳ ተከልሁት። ውርጩም ፀሐዩም እንዳይገድለው የባሌን አሮጌ የፋኖስ መስታወት ደፋሁበት። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፤ እሱን ማየት ጸሎቴ ነበር። ክረምት ሲገባ አዲስ ቅጠል አወጣ። ገብስማ። አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣ ባየሁ ቁጥር በጥፍሬ ቀነጠስሁት። በደረቅ እጄ ነው፤ ጸደቀ። በሁለት ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሳ ሆነ።

ያን ጊዜ ለእናቴ ላሳያቸው ተነሣሁ። ሌላ ነገር ለማንም ማሳየት አልፈልግም ነበር። ካድሬው እንዲያይልኝ አልፈለግሁም፣ ጎረቤት እንዲያይልኝም አልፈለግሁም። እናቴ ጤነኛ ቢጫ ቅጠል በዓይናቸው አይተው፣ እውነትሽን ነበር እንዲሉኝ ነው። ጣሳውን እንደገና ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ዳባት ወረድሁ።

እህቴ ገበያ ሄዳ ነበር፤ እንዲያ ነው የመረጥሁት። እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። ጣሳውን እግራቸው ሥር አስቀመጥሁ።

"እማሆይ፣ ይኼን ይዩልኝ።"

"ምንድን ነው ልጄ? ቀረብ አድርጊልኝ።"

ቀና ሲሉ ዓይናቸውን አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ነጭ ሞራ ወጥቷል። ከወራት በፊት ስመጣ አንደኛው ብቻ ነበር ደከም ያለው። እህቴ አልላከችብኝም፤ አለማየታቸውን የነገረኝ የለም። እጃቸውን ዘርግተው ቅጠሉን ዳበሱት። በሁለት ጣታቸው መካከል አሻሹት።

"ኧረ! የልጄ ተክል ነው እኮ" አሉ። ፊታቸው በራ። "ከዳነው ላይ ቆርጣ ሰጠችሽ? እጇ ይባረክ። ድንጋይ ብትተክል ይጽደቅላት።"

"የእኔ ነው እማሆይ። ቢጫው ነው። ዳር ዳሩ ቢጫ ነው፤ ጤነኛ ነው።"

"አዎ፣ ጤነኛ ነው" አሉኝ ቅጠሉን እያሻሹ። "ድሮ ታሞ ነበር እኮ። አንቺ ትዝ አይልሽም፤ ሐዘን ላይ ነበርሽ።"

አረንጓዴውና ቢጫው ለጣት አንድ ነው። እኔም በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬዋለሁ፤ አይለይም።

ጣሳዬን ይዤ በዚያው ቀን ተመለስሁ። እናቴ በማግስቱ ክረምት አረፉ። ሲያርፉ እህቴ ነበረች አጠገባቸው። ምርቃታቸውን ከነቃሉ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እጇን ይዘው እንደመረቋት፣ ጓሮውንም ይዛ እንድትኖር እንዳዘዟት። ስለ እኔ ያሉት እንዳለ ጠየቅኋት። "ለእትዬ ጽናቱን ይስጣት ብለዋል" አለችኝ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እህቴ ደባርቅ መጥታ ጓሮዬን አየች። ከጣሳው አውጥቼ መሬት ያስያዝሁት ገብስማ ወገቤ ድረስ ደርሶ ነበር። ብዙ ቆማ አየችው።

"እትዬ፣ ከዚህ ጥቂት ቅርንጫፍ ስጪኝ። ለእማሆይ መቃብር።"

"አረንጓዴው አለሽ አይደለም?"

"እሱማ አለ። ይኼ ግን ያምራል። ቢጫው ነው የሚያምረው።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ሰው ይለወጣል እትዬ" አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

እሺ አልኋት። ቤት ገብታ እንድትቀመጥ ነግሬ ካራዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድሁ። ያን ክረምት ከሥር የወጣውን ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ገና አልቆረጥሁትም ነበር። እሱን ቆረጥሁ። ለመንገድ እንዲቀል ቅጠሉን በሙሉ ላግሁት፤ እንጨቱ ብቻ ቀረ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሰጠኋት።

"ቢጫው መቼ ይወጣል?" አለችኝ።

"ሲጸድቅ" አልኋት።

ጸደቀላት። ዛሬ የእናታችን መቃብር ላይ ያለው ቁጥቋጦ ትልቅ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። በዓመቱ ቢጫው የት ሄደ ብላ ላከችብኝ። እጅሽ አድኖት ይሆናል ብዬ ላክሁባት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። የእኔው ከቤቴ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታይበት ቦታ ነው። በየዓመቱ አረንጓዴውን እቆርጣለሁ። ለማንም ቅርንጫፍ አልሰጥም።